የድሮ ተጓዥ ሠዓሊዎች ተራራችንን ለምን እንዲህ ሣሉት?

ጥያቄ፦ ፍሬም ሠሪዋ፣ ፒያሳ

የተከበራችሁ የመድረኩ ተሳታፊዎች፣ ጤና ይስጥልኝ።

ፒያሳ ውስጥ በአንድ ፍሬም ቤት መሥራት ከጀመርኩ ዘጠኝ ዓመት አልፎኛል። በእጄ የሚያልፈው አብዛኛው የሠርግና የምርቃት ፎቶግራፍ ወይም የቅዱሳን ሥዕል ነው። ባለፈው ሳምንት ግን አንድ ደንበኛ፣ በእንግዳ ማረፊያቸው መቀበያ ክፍል የሚሰቀል፣ ወረቀቱ ወደ ቢጫነት ያደላ የመልክዐ ምድር ሥዕል አመጡልኝ። የሥዕሉ ግርጌ በመቀስ ስለተቆረጠ የሠዓሊው ስም የለበትም፤ በአንድ ጥግ የተረፈው «አቢሲኒያ» የሚለው ቃል ብቻ ነው።

በግራ በኩል ከላይ እስከ ታች የደረሰ ጠቆር ያለ ዛፍ አለ። በዛፉ ሥር ነጭ ኩታ የለበሱ ሦስት ሰዎች ይታያሉ፤ ቁመታቸው ከአውራ ጣቴ ጥፍር አይበልጥም። አንደኛው ጦሩን ተደግፎ ተቀምጧል፣ ሁለተኛው ጀርባውን ሰጥቶናል፣ ሦስተኛው እጁን ዘርግቶ ወደ ሩቅ ያሳያል። ከእነርሱ ባሻገር ገደል፣ ከገደሉ ወዲያ ጭጋግ፣ ከጭጋጉ በላይ ደግሞ ሹል ተራራ ይታያል።

አባቴ ተወልደው ያደጉት አንኮበር ነው። ምሳ ሊያቀብሉኝ በመጡበት ቀን ሥዕሉን ጠረጴዛዬ ላይ አዩት፤ መነጽራቸውን አውልቀው፣ መልሰው አድርገው፣ ረዘም ላለ ጊዜ ተመለከቱት። «ተራራውስ ይሁን፤ እርሻው የት ገባ?» አሉኝ። እኔም ከዚያ በኋላ ሥዕሉን ባየሁ ቁጥር ሌላ ነገር አልታየኝም። በእኛ አገር ደጋ ላይ ያልታረሰ ተዳፋት ማግኘት ከባድ ነው፤ በዚህ ሥዕል ላይ ግን አንድ ማሳ፣ አንድ የእህል ክምር፣ ከጎጆ የሚወጣ ጢስ እንኳን የለም።

ጥያቄዬ ይህ ነው። በድሮ ዘመን ወደ ሩቅ አገር እየሄዱ መልክዐ ምድር የሣሉ ሠዓሊዎች ያዩትን ነው የሣሉት ወይስ አገራቸው ሊያይ የሚፈልገውን? ሥራቸውስ ሌላው ዓለም ስለ እኛና እኛን ስለመሰሉ አገሮች ያለውን ሐሳብ ምን ያህል ቀርጾታል? የምታውቁ ብታስረዱኝ ለደንበኛዬም የምነግራቸው አገኛለሁ።

መልስ 1፦ የሥነ ጥበብ ታሪክ መምህር፣ አራት ኪሎ

እህቴ፣ እኔ ለተማሪዎቼ በአንድ ሙሉ ሴሚስተር ለማስረዳት የምደክምበትን ነገር አባትዎ በሦስት ቃል ጠይቀውታል። ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው።

የገለጹት ቅንብር፣ ማለትም በአንድ ጎን የጠቆረ ዛፍ፣ ከፊት ጥቃቅን ሰዎች፣ ከኋላ በብርሃንና በጭጋግ የሟሟ ሩቅ ተራራ፣ ከኢትዮጵያ የተገኘ አይደለም። ከጣሊያን የመጣ ነው። ክሎድ ሎሬይን የተባለው ሠዓሊ (1600–1682) ዕድሜውን ያሳለፈው ሮም ውስጥ ሲሆን፣ በከተማዋ ዙሪያ ያለውን ገጠር ከጥንት ታሪክ ጋር እያዋሐደ በዚሁ ቅንብር ይሥል ነበር። በ18ኛው ክፍለ ዘመን የእንግሊዝ ባለጸጎች ሥራዎቹን እየገዙ ወደ ቤታቸው ሲያስገቡ፣ «ያማረ አገር» ማለት የእርሱን ሥዕል የመሰለ አገር ማለት ሆነ። ነገሩ የት ድረስ እንደሄደ ለማየት አንድ ዕቃ ልጥቀስ። የዚያ ዘመን አገር ጎብኚዎች «የክሎድ መስታወት» የሚሉት፣ ጠቆር ያለና እምብርቱ የጎበጠ ትንሽ መስታወት በኪሳቸው ይዘው ይሄዱ ነበር። ያማረ ቦታ ሲደርሱ ለቦታው ጀርባቸውን ይሰጡና በመስታወቱ ውስጥ የሚታየውን ጠቆር ያለና የተሰበሰበ ምስል ይመለከታሉ። አገሩ ከኋላቸው ነው፤ እነርሱ የሚያዩት በእጃቸው የያዙትን ነው።

ተጓዥ ሠዓሊዎቹ ይህን ልማድ ይዘው ነው መርከብ የተሳፈሩት። በእንግሊዛዊው የባሕር አሳሽ በካፒቴን ኩክ ሁለተኛ ጉዞ (1772–1775) የተሳተፈውን ዊልያም ሆጅስን ይውሰዱ። መምህሩ ሪቻርድ ዊልሰን ጣሊያን ውስጥ ለዓመታት የሠራ ሠዓሊ ነበር። ሆጅስ በመርከቡ ላይ ሆኖ የሣላቸው ሥራዎች የደመናውን፣ የዝናቡንና የባሕሩን ብርሃን በሚገርም ትኩስነት ይዘዋል። ለንደን ተመልሶ በትላልቅ ሸራዎች ላይ ታሂቲን ሲሥል ግን የደሴቲቱ የባሕር ወሽመጥ የጣሊያንን የምሽት ፀሐይ ለብሶ ይታያል። አንድ ሰው፣ አንድ እጅ፣ ሁለት ታሂቲ ማለት ነው። እኔ ሁለቱን ጎን ለጎን ለተማሪዎቼ ባሳየሁ ቁጥር የመጀመሪያውን አብልጬ እንደምወድ አልደብቅም።

የሥዕሎቹን ኃይል ለመረዳት ደግሞ ቶማስ ዳንኤልንና የወንድሙን ልጅ ዊልያምን ማየት ይበቃል። ሁለቱ እ.ኤ.አ. ከ1786 ጀምሮ ለዓመታት በሕንድ ተዘዋውረው፣ የቤተ መቅደሶቹንና የመካነ መቃብሮቹን ቅርጽ ለማስተካከል ካሜራ ኦብስኩራ የተባለውን የጨለማ ሣጥን እየተጠቀሙ ሣሉ። ከዚያም ከ1795 እስከ 1808 ድረስ 144 ሥዕሎችን አሳተሙ። እነዚህ ኅትመቶች በእንግሊዝ ቤቶች ግድግዳ ላይ ብቻ አልቀሩም። ግሎስተርሻየር ውስጥ ሴዚንኮት የተባለው የባለጸጋ መኖሪያ በቶማስ ዳንኤል ምክር የሕንድ ጉልላት ተሠራለት፤ ብራይተን ከተማ የሚገኘው የንጉሡ ቤተ መንግሥትም ከ1815 ጀምሮ በዚሁ መንፈስ ታነጸ። ሕንድን ያላየ ሰው «ሕንድ» ብሎ ያሰበው በድንጋይ ቆመለት።

አሁን ወደ አባትዎ ጥያቄ ልመለስ። እርሻው የጠፋው ሠዓሊው ስላላየው አይመስለኝም። እርሻ በአገሩም ሞልቶታል፤ ባሕር ተሻግሮ የሄደው በአገሩ የሌለውን ፍለጋ ነው። የታረሰ ማሳ ባለቤት አለው፣ ግብር አለው፣ ሥራ አለው፤ ሥዕሉን የሚገዛው የከተማ ሰው ግን ከሥራ የሚያሳርፈውን ነገር ነበር የሚፈልገው። ስለዚህ ገበሬው ከነበሬው ወጥቶ በምትኩ ጦሩን ተደግፎ የተቀመጠ ሰው ገባ። ያ ሰው በሥዕሉ ውስጥ አይሠራም፤ ሥራው የተራራውን ትልቅነት መለካትና እኛ ወዴት ማየት እንዳለብን መጠቆም ብቻ ነው።

ይሁን እንጂ «ዋሽተዋል» የሚለውን ቃል እፈራዋለሁ። አሜሪካዊው ፍሬድሪክ ኤድዊን ቸርች ታላቁ የሳይንስ ሰው ሁምቦልት ሠዓሊዎች ወደ ሞቃታማ አገሮች እንዲሄዱ የጻፈውን አንብቦ በ1853 እና በ1857 ወደ ኢኳዶር ተጓዘ። በ1859 ኒውዮርክ ላይ ያሳየው የአንዲስ ሥዕል ስፋቱ ሦስት ሜትር ያህል ነው። ከ12 ሺህ በላይ ሰዎች 25 ሳንቲም እየከፈሉ ገብተው፣ የቴአትር መነጽር ይዘው ቅጠል በቅጠል ተመለከቱት። በዚያ ሥዕል ላይ ያለው ቅጠል፣ አበባና የበረዶ ጫፍ በጥንቃቄ የተጠና ነው። ሥፍራው ግን በምድር ላይ የለም፤ ቸርች በልዩ ልዩ ቦታ የነደፋቸውን አንድ ላይ አዋሕዶ የፈጠረው ነው። ዝርዝሩ ሁሉ እውነት ሆኖ ጠቅላላው የሌለ አገር ሊሆን ይችላል፤ ሰዎች ወደ ቤታቸው ይዘውት የሄዱትም ጠቅላላውን ነው። ቸርች ሥዕሉን በርሊን ልኮ ለሁምቦልት ሊያሳይ አስቦ ነበር፤ ሽማግሌው ግን በዚያው ዓመት በግንቦት ወር ሳያዩት ዐረፉ።

መልስ 2፦ ጡረተኛ አስጎብኚ፣ ካዛንቺስ

መምህር የጻፉትን በአክብሮት አንብቤያለሁ። ነገር ግን ወደ እኛ አገር የመጡትን ከሌሎቹ ጋር አንድ ላይ መጨፍለቅ ስለማይገባ ጥቂት ልጨምር። ልጄ፣ አንቺም በፍሬም ቤትሽ ስማቸው ያለባቸው ኅትመቶች ሊገቡልሽ ስለሚችሉ ብታውቂያቸው ይጠቅምሻል። እኔም ዓመታቱን የምጠቅሰው በእ.ኤ.አ. ነው።

የመጀመሪያው ስሙ እንዲጠራ የምፈልገው ሉዊጂ ባሉጋኒ ነው። የቦሎኛ ሰው ሲሆን ስኮትላንዳዊውን ተጓዥ ጄምስ ብሩስን ተከትሎ ጎንደር ድረስ መጥቶ፣ ሕንጻና ዕፅዋት ሲነድፍ ቆይቶ፣ በ1771 እዚያው ጎንደር ሞተ። ብሩስ በ1790 ባለ አምስት ቅጽ መጽሐፉን ሲያወጣ የባሉጋኒን ድርሻ አሳንሶ ብዙውን ለራሱ አደረገው። ተጓዥ ሠዓሊ ስንል ታዋቂውን ብቻ ሳይሆን ከታዋቂው ኋላ የቆመውንም ማሰብ አለብን።

ሁለተኛው ሄንሪ ሶልት ነው። በለንደን ሥዕል ተምሮ፣ ለእንግሊዛዊው ተጓዥ ለሎርድ ቫለንሺያ ጸሐፊና ሠዓሊ ሆኖ መጣ፤ በ1805 ከምጽዋ ተነሥቶ ወደ ትግራይ በመውጣት ራስ ወልደ ሥላሴ ዘንድ ደረሰ። በ1809 ያሳተማቸው 24 ትላልቅ ሥዕሎች ከቅድስት ሄለና ደሴት አንሥቶ ሕንድንና ቀይ ባሕርን አልፈው እስከ ግብጽ የሚደርሱ ሲሆን፣ ከመካከላቸው የእኛ አገር ዕይታዎችም አሉ። በእነዚህ ውስጥ ያለው የአክሱም ሐውልት ሥዕል ለእኔ ከምንም በላይ የከበረ ነው። በዚያን ጊዜ ከታላላቆቹ ሐውልቶች ቆሞ የነበረው አንዱ ብቻ ነው፤ 33 ሜትር የሚረዝመው ትልቁ ከወደቀ ቆይቷል። ሶልት ከማንም ፎቶግራፍ አንሺ በፊት ቦታው በዘመኑ ምን ይመስል እንደነበር አስቀርቶልናል። በእርግጥ በሥዕሉ ላይ የዚያ ዘመን ሠዓሊ ጥላና ብርሃን አለበት። ይህ ግን የሶልትን ንድፍ ከንቱ አያደርገውም።

ሦስተኛው ለአባትሽ አገር የሚቀርበው ነው። ጀርመናዊው ዮሐን ማርቲን በርናትዝ በ1841 በካፒቴን ሃሪስ ከሚመራው የእንግሊዝ መልእክተኞች ቡድን ጋር ከታጁራ ተነሥቶ፣ የአፋርን ቆላ አቋርጦ፣ ሸዋ ገብቶ ንጉሥ ሣህለ ሥላሴን አየ። ሥዕሎቹ የታተሙት በ1852 ሲሆን በሁለት ክፍል የተከፈሉ ናቸው፤ አንደኛው ቆላውን፣ ሁለተኛው የሸዋን ደጋ ያሳያል። ቡድኑ የመጣው የወዳጅነትና የንግድ ውል ለመዋዋል እንደነበረ አትርሺ። እንዲህ ያለ ቡድን ሠዓሊ የሚያስከትለው ለላከው መንግሥት «አገሩ ይህን ይመስላል፣ መንገዱ ይህ ነው፣ ንጉሡ እንዲህ ነው» ብሎ ለማሳየትም ጭምር ነው። የአንቺን ሥዕል ግን ግርጌው ተቆርጦ ሳለ የበርናትዝ ነው ብዬ አልናገርም፤ ማንም ቢነግርሽ አትቀበዪው።

አንድ ሰው ደግሞ ለየት ብሎ ይታየኛል። ጀርመናዊው ሠዓሊ ኤድዋርድ ዛንደር በ1847 መጥቶ አልተመለሰም፤ ደጃዝማች ውቤን፣ በኋላም ዐፄ ቴዎድሮስን አገልግሎ በ1868 ሞተ። አገሩን አይቶ የሚሄድና አገሩ ውስጥ የሚኖር ሰው አንድ ዓይነት ዓይን ሊኖራቸው አይችልም።

ስለ ሥዕሎቹ ተጽዕኖ የማውቀውን ከሥራዬ ልናገር። ከ30 ዓመት በላይ የውጭ እንግዶችን አገር ለአገር ይዤ ዞሬያለሁ። ከእነርሱ ብዙዎቹ አክሱምም ሆነ ሰሜን ተራሮች ሲደርሱ ከማየታቸው በፊት ይፈልጉ ነበር፤ የሚፈልጉትም ከቤታቸው ይዘውት የመጡትን ሥዕል ነው። አንድ ጊዜ አንዲት እናት የሚመስሉ ሴት ካሜራቸውን ይዘው ገደል አፋፍ ላይ ወደ ግራ ሦስት እርምጃ፣ ወደ ቀኝ ሁለት እርምጃ እያሉ ረዥም ጊዜ ቆዩ። የሚሸሹት የመብራት እንጨቱንና አንድ ቆርቆሮ ቤት ነበር። በመጨረሻ አንድ እረኛ በጥግ በኩል ሲመጣ ደስ ብሏቸው አነሡ። ቆርቆሮው ግን የዚያ ልጅ ቤት ነበር። እኔም ራሴ «ከዚህ ጋ ቢቆሙ እንጨቱ አይታይም» እያልኩ ሥፍራ አሳይ ነበር፤ ዛሬ ሳስበው ይቆጨኛል። «የ13 ወር ጸጋ» በሚለው መፈክር ይሠሩ በነበሩት የማስታወቂያ ሥዕሎችም ላይ ያው ዕይታ ነበር፤ እኛም አገራችንን በዚያ መልክ ለመሸጥ ተስማምተናል።

መልስ 3፦ የኅትመት ባለሙያ፣ ሰባ ደረጃ አካባቢ

ሁለቱም መልሶች ስለ ሠዓሊው ተናገሩ፤ ስለ አታሚው ግን ማንም አላነሣም። በእኔ ዕይታ ከነገሩ ግማሹ እዚያ ነው።

ሠዓሊው ከጉዞ የሚመለሰው በትንሽ ደብተር ላይ የተነደፉ የእርሳስ ሥራዎችና ጥቂት የውሃ ቀለም ሥዕሎች ይዞ ነው። ከዚያ ሥራው ወደ ሌላ እጅ ያልፋል። አኳቲንት በሚባለው ዘዴ የመዳብ ሰሌዳ ላይ የሙጫ ዱቄት ይነሰነስና በሙቀት ይጣበቃል፤ ከዚያ አሲድ ውስጥ ሲገባ አሲዱ በፍንጣሪዎቹ መካከል ያለውን መዳብ ይበላዋል። ብሩህ መሆን ያለበት ሥፍራ በቫርኒሽ ይሸፈናል፣ ሰሌዳው ይመለሳል፣ እንደገና ይሸፈናል፣ እንደገና ይመለሳል። ሰሌዳው አሲድ ውስጥ በቆየ ቁጥር ሥፍራው ይጠቁራል። ስለዚህ ይህ ዘዴ በተፈጥሮው ለስላሳ ሰማይ፣ ጭጋግና ደረጃ በደረጃ የሚደበዝዝ ተራራ ይወድዳል። በተዳፋት ላይ ያሉ መቶ ትናንሽ ማሳዎችን እያንዳንዳቸውን ለይቶ ማውጣት ግን እጅግ አድካሚ ነው። አባትዎ ለጠየቁት እርሻ ከምክንያቶቹ አንዱ ይህ ሊሆን እንደሚችል ከራሴ ሥራ ተነሥቼ እናገራለሁ።

ሊቶግራፍ የሚባለው የድንጋይ ኅትመት ደግሞ በቅባት እርሳስ ድንጋይ ላይ በቀጥታ ስለሚሣል የእርሳሱን ሻካራነት ይዞ ይቀራል። ዴቪድ ሮበርትስ እ.ኤ.አ. በ1838 እና በ1839 በግብጽና በቅድስት አገር ተዘዋውሮ የሣላቸውን ሥዕሎች ለንደን ውስጥ ወደ ድንጋይ ያሻገረው ሉዊ ሃግ የተባለ ቤልጅጋዊ ነው። ቀኝ እጁ ከልደቱ የተጎዳ ስለነበር ሁሉንም በግራ እጁ ነው የሠራው። ሮበርትስ ራሱ ከዚያ በፊት የቴአትር መድረክ መጋረጃ ሠዓሊ ነበር፤ ቤተ መቅደሶቹ መጋረጃ እንደተገለጠላቸው ሆነው የሚታዩትም ከዚህ የመጣ ይመስለኛል።

እህቴ፣ አሁን ሥዕልዎን በማጉያ መነጽር ይመልከቱት። ከመዳብ የታተመ ከሆነ በሥዕሉ ዙሪያ ወረቀቱ ወደ ውስጥ የተጫነ ጠርዝ ይኖረዋል፤ ጠርዙ ተቆርጦ ካልሆነ በጣት ይዳሰሳል። የድንጋይ ኅትመት ከሆነ እንዲህ ያለ ጠርዝ የለውም፤ ጥቁሩ በእርሳስ የተቀባ ይመስል ያልተስተካከለ ፍንጣሪ ይሆናል። በመስመር በመስመር በእኩል ርቀት የተደረደሩ ነጠብጣቦች ካዩ ግን በዘመናችን በማሽን የታተመ ቅጂ ነው። ቢጫነቱ አያታልልዎት፤ ፀሐይ የመታው ርካሽ ወረቀት በጥቂት ዓመት ይቢጫል።

የጠያቂዋ ምላሽ

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ዛሬ ጠዋት ሱቁን እንደከፈትኩ በማጉያ አየሁት። ነጠብጣቦቹ እንደ ሰልፈኛ ተደርድረዋል። ነገር ግን በነጠብጣቦቹ የተሠራው ጥቁር ቦታ ራሱ ሻካራና ያልተስተካከለ ነው፤ የኅትመት ባለሙያው እንደነገሩኝ የእርሳስ ፍንጣሪ ይመስላል። ስለዚህ የድንጋይ ኅትመት በፎቶግራፍ ተነሥቶ፣ ያም በማሽን እንደገና ታትሞ፣ ግርጌው ተቆርጦ ነው እኔ ዘንድ የደረሰው ማለት ነው። ከሠዓሊው ደብተር እስከ እኔ ጠረጴዛ ድረስ ስንት እጅ እንዳለፈ ቆጥሬ አልጨረስኩትም።

ሌላም ነገር አየሁ። እጁን ዘርግቶ የሚያሳየው ሰው የሚያመለክተው ወደ ተራራው ይመስለኝ ነበር። በማጉያ ሲታይ ግን የእጁ አቅጣጫ ዝቅ ያለ ነው፤ ወደ ጭጋጉ ሥር ነው የሚያሳየው። እዚያ ምን እንዳለ ሠዓሊው አልሣለውም።

መልስ 1፣ በድጋሚ

እህቴ፣ የመጨረሻውን ያስተዋሉትን ለተማሪዎቼ እንድነግር ይፍቀዱልኝ። ለደንበኛዎ የሚሉት ካጡ አንድ ሐሳብ ላቅርብ። በእኛ ቋንቋ ይህ የሥዕል ዘርፍ የሚጠራው «መልክዐ ምድር» ተብሎ ነው፤ የምድር መልክ ማለት ነው። የቤተ ክርስቲያናችን የመልክእ ድርሰት ደግሞ አንዱን ቅዱስ ከራስ ጠጕሩ እስከ እግር ጥፍሩ፣ ከእያንዳንዱ የአካል ክፍል ፊት ቆሞ «ሰላም ለ…» እያለ የሚያመሰግን ነው፤ አንዱንም አልፎ አይሄድም። አባትዎ ሥዕሉን ያዩት በዚህ ዓይን ይመስለኛል። በጥንታዊው የቤተ ክርስቲያን ሥዕላችን ተራራ የሚሣለው ታሪኩ ሲጠይቀው ነው፤ ሰው የሌለበት ተራራ ለብቻው አይሣልም ነበር። ስለዚህ በሁለት ልማዶች መካከል ቆመው ነው የጠየቁት።

የጠያቂዋ ምላሽ

ደንበኛዬ ዛሬ ከሰዓት መጥተው ነበር፤ ሁሉንም ነገርኳቸው። ቅጂ መሆኑን ሲሰሙ ትንሽ አዘኑ፤ በኋላ ግን አባቴን ሊያገኟቸው እንደሚፈልጉ ነገሩኝ። ሥዕሉን በጠባብ ጥቁር ፍሬም አስገብቼ፣ በዙሪያው ሰፋ ያለ ነጭ የካርቶን ጠርዝ (ፓስፓርቱ) አድርጌለታለሁ። በጀርባው ላይ በእርሳስ «የድንጋይ ኅትመት የሚመስል ሥራ የማሽን ቅጂ፤ ግርጌው የተቆረጠ፤ ሠዓሊው ያልታወቀ» ብዬ ጽፌያለሁ። አባቴ ቅዳሜ ይመጣሉ። ከሥዕሉ ጎን የሚሰቀል ሌላ ወረቀት ላይ፣ በልጅነታቸው የሚያውቁትን ተዳፋት ማሳውን ከነባለቤቱ ስም እየጠሩ ሊነግሩኝ ተስማምተዋል፤ እኔ በእርሳስ እነድፈዋለሁ።